ኤረር በበዛበት ቀን ሜሞሪው ለምን ያብጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «በፓይተን የጻፍኩት ሰርቪስ የኤክሴል ፋይሎችን በፓንዳስ (የሰንጠረዥ ዳታ ላይብረሪ) አንብቦ ወደ ሌላ ሲስተም ይልካል። ኔትወርኩ ደህና በዋለበት ቀን ሜሞሪው 200 ሜጋባይት አካባቢ ረግቶ ይውላል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግን እየወጣ እየወጣ ሄዶ 2 ጊጋባይት ሲጠጋ ሊኑክስ ይገድለዋል። ኤረሮቹን ሁሉ በትራይና በኤክሴፕት እይዛቸዋለሁ። ፋይሎቹንም እዘጋለሁ። ፓይተን የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚጠርግ ጋርቤጅ ኮሌክተር አለው አይደል? ታዲያ ሜሞሪው የት ይገባል? ለጊዜው ማታ ማታ ሪስታርት እያደረግን ነው፤ እንዲህ መቀጠል ይቻላል?» ከጥያቄው ጋር የተያያዘውን ኮድም አይቼዋለሁ።

እህቴ፣ ኤረሮቹን መያዝሽ ልክ ነው። ያልሆነው አለመልቀቅሽ ነው። ኮድሽ ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የሜሞሪውን መለቀቅ ያዘገያል፣ ሌላው እስከ ማታ ጭራሽ አይለቀውም። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። መፍትሔያቸው ግን ይለያያል።

ኮዱን ላላየ ሰው በቃል ልግለጸው። አንድ ዋና ሉፕ አለ። ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ እያነሳ «ላክ» የሚባለውን ፈንክሽን ይጠራል። «ላክ» ፋይሉን አንብቦ ዳታፍሬሙን (የተነበበውን ሰንጠረዥ) «ሰንጠረዥ» የሚባል ቫሪያብል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደ ጄሰን (ሲስተሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይቀይረውና ሪኩዌስትስ በሚባለው የኔትወርክ ላይብረሪ ይልካል። ካልተሳካ ትንሽ ጠብቆ ይደግማል፣ እስከ አምስት ጊዜ። ኤክሴፕቱ ውስጥ ኤረሩን «የመጨረሻው» በሚል ቫሪያብል ያስቀምጠዋል። አምስቱም ከከሸፉ «መላክ አልተቻለም» የሚል የራስሽን ኤክሴፕሽን (የኤረር ኦብጀክት) ከመጨረሻው ኤረር ጋር አያይዞ ሬይዝ ያደርጋል፣ ማለትም ያስነሳል። ዋናው ሉፕ ደግሞ እሱን ይይዝና የፋይሉን ስምና ኤክሴፕሽኑን «ያልተላኩ» የሚባል ሊስት ላይ ይጨምራል። ማታ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ሊስቱ ይጸዳል። የቫሪያብሎቹን ስም ለአንባቢ እንዲመች ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እንደዚህ ዓይነት ኮድ በየቦታው አለ። ሲያዩት ንጹሕ ነው። ኮድ ሪቪው ላይ ማንም አያነሳበትም።

አብዛኞቻችን ኤክሴፕሽን ሲባል የሚታየን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። የኤረሩ ስም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የመስመር ቁጥር። ይህን ሊስት ላይ ብናስቀምጥ ምን ያህል ቦታ ይወስዳል? ጥቂት መቶ ባይት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፓይተን 3 ላይ እያንዳንዱ ኤክሴፕሽን ኦብጀክት የራሱን ትሬስባክ፣ ማለትም ኤረሩ ያለፈባቸውን ፈንክሽኖች መዝገብ፣ ይዞ ይዞራል። ትሬስባኩ ጽሑፍ አይደለም፤ የኦብጀክቶች ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ፍሬም ይይዛል። ፍሬም ማለት ፈንክሽኑ ሲሠራ የነበረበት ክፍል ነው፤ የፈንክሽኑ ሎካል ቫሪያብሎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ጋብዘሽ መንደሩን ይዞ እንደመጣ ቁጠሪው።

አሁን ወደ ሊስትሽ እንመለስ። ሊስቱ ኤክሴፕሽኑን ይዟል። ኤክሴፕሽኑ ትሬስባኩን ይዟል። ትሬስባኩ የ«ላክ»ን ፍሬም ይዟል። ፍሬሙ «ሰንጠረዥ»ን ይዟል። «ላክ» ሥራውን ጨርሶ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ዳታፍሬሙ ግን አሁንም በሕይወት አለ፤ ምክንያቱም ከሊስትሽ እስከ እሱ ድረስ ያልተቋረጠ መንገድ አለ። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ እዚህ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። የእሱ ሥራ ማንም የማይደርስበትን ኦብጀክት መጥረግ ነው። ይህ ግን የሚደረስበት ነው። አንቺ ራስሽ ይዘሽዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ፋይል ሜሞሪ ላይ ሲወጣ 20 ሜጋባይት ይሆናል እንበል። ኔትወርክ ጠፍቶ ዘጠና ፋይል ቢከሽፍ 1.8 ጊጋባይት ነው። መነሻሽ 200 ሜጋባይት ስለሆነ ሲደመር 2 ጊጋባይት። ኔትወርክ ደህና በዋለበት ቀን ሊስቱ ባዶ ስለሆነ ምንም አይታይም። ሜሞሪሽ ከፋይሉ ብዛት ጋር ሳይሆን ከኤረሩ ብዛት ጋር አብሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ግራፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ኤክሴፕቶቹን መፈተሽ አለበት።

ጉዳዩ ዳታፍሬሙ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኤክሴፕሽኖች እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንድ ኤረር እየተስተናገደ ሳለ ሌላ ከተነሣ፣ አዲሱ የቀድሞውን «ኮንቴክስት» በሚባል አትሪቢዩት ይይዘዋል። አንቺ ደግሞ «ሬይዝ ... ፍሮም» ብለሽ ስታያይዥው «ኮዝ» በሚባለው ይያዛል። ሪኩዌስትስ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደርስሽ ኤረር ብቻውን አይመጣም። ከሥሩ የዩአርኤልሊብ3 (ሪኩዌስትስ የቆመበት ላይብረሪ) ኤረር አለ፤ ከዚያ በታች ግንኙነቱ ያልተፈጠረበት ሌላ ኤረር፤ ከሁሉም በታች የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሶኬት ኤረር። እያንዳንዱ የየራሱ ትሬስባክ አለው። እያንዳንዱ ትሬስባክ የየራሱ ፍሬሞች አሉት። በእነዚያ ፍሬሞች ውስጥ የምትልኪው ጄሰን በሎካል ቫሪያብልነት ከፈንክሽን ወደ ፈንክሽን ሲተላለፍ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሪኩዌስትስ ኤክሴፕሽኖች «ሪኩዌስት» የሚባል አትሪቢዩት አላቸው። እሱ ውስጥ «ቦዲ» አለ። ቦዲው የላክሽው ሙሉ ዳታ ነው። ስለዚህ ትሬስባኩን ከኤክሴፕሽኑ ላይ ብትቆርጪው እንኳ ጄሰኑ አብሮ ይቀራል። «ዊዝ ትሬስባክ» በሚባለው ሜተድ ነን (ባዶ ዋጋ) ሰጥተው «ጨርሻለሁ» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሸወዳሉ።

«ፍሮም ነን» ብሎ ሬይዝ ማድረግም እንደዚሁ ነው። ብዙዎች ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ይመስላቸዋል። አይቆርጥም። ትሬስባኩ ሲታተም የቀድሞው ኤረር እንዳይታይ ብቻ ነው የሚያደርገው። ኮንቴክስቱ ኦብጀክቱ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ የያዘውን ሁሉ እንደያዘ። ስክሪኑ ጸዳ ማለት ሜሞሪው ጸዳ ማለት አይደለም።

ይህ እንግዲህ የማይለቀው ነው። አሁን ወደሚያዘገየው እንሂድ፤ «የመጨረሻው» ወደሚለው ቫሪያብል።

ፓይተን ሜሞሪን የሚያስተዳድረው በዋናነት በሪፈረንስ ቆጠራ ነው። (የማወራው ሁላችንም ስለምንጠቀምበት ስለ ሲፓይተን፣ ስለ ተለመደው የፓይተን ማስኬጃ፣ ነው።) አንድ ኦብጀክት ስንት ቦታ እንደተያዘ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ኦብጀክቱ ወዲያው ይጠፋል። ፈጣን ነው፣ ይገመታል፣ ደስ ይላል። አንድ ድክመት ግን አለው። ሁለት ኦብጀክቶች እርስ በርስ ከተያያዙ ቁጥራቸው ዜሮ አይደርስም። ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ቢለቃቸውም እነሱ ተያይዘው ይቀራሉ። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ የተጨመረው እንዲህ ዓይነቱን ክብ እየፈለገ እንዲሰብር ነው።

ኤክሴፕሽን ደግሞ ክብ ለመሥራት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ኤረሩን በያዝሽበት ፈንክሽን ውስጥ «የመጨረሻው እኩል ይሆናል ኢ» ብለሽ ስታስቀምጪ የሚሆነውን ተከተይ። ፍሬሙ «የመጨረሻው»ን ይይዛል። «የመጨረሻው» ኤክሴፕሽኑ ነው። ኤክሴፕሽኑ ትሬስባኩን ይይዛል። ትሬስባኩ ያንኑ ፍሬም ይይዛል። ክቡ ተዘጋ። ፈንክሽኑ ሲመለስ ፍሬሙ መጥፋት ነበረበት፤ አይጠፋም። ከሱ ጋር «ሰንጠረዥ»ም ይቆያል።

የቋንቋው ሠሪዎች ይህን ከመጀመሪያው ያውቁታል። ፓይተን 3.0 በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2008 መጀመሪያ ላይ ሲወጣ ትሬስባክ ኤክሴፕሽኑ ላይ እንዲሰቀል ተደረገ፤ ፔፕ 3134 የሚባለው የቋንቋ ማሻሻያ ሰነድ ነው። ከሱ ጋር አብሮ በፔፕ 3110 አንድ እንግዳ የሚመስል ሕግ መጣ። «ኤክሴፕት ... አዝ ኢ» ብለሽ የያዝሽው «ኢ» ብሎኩ ሲያልቅ በራሱ ይሰረዛል። ከብሎኩ ውጭ «ኢ»ን ፕሪንት ለማድረግ ብትሞክሪ እንዲህ የሚባል ስም የለም ይልሻል። ጀማሪ ሁሉ የሚናደድበት ነገር ነው። «እዚሁ አሁን ነበር እኮ!» ይላል። የተሰረዘው ክቡ እንዳይዘጋ ነው። አንቺ ግን «የመጨረሻው» ብለሽ ሌላ ስም ስትሰጪው ቋንቋው የከፈተልሽን በር መልሰሽ ዘጋሽው። ቋንቋው የሚሰርዘው «ኢ»ን ብቻ ነው፤ አንቺ የሰጠሽውን ሌላ ስም አይነካም።

እዚህ ላይ «ይሁና፣ ክብ ከሆነ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ይሰብረዋል» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ይሰብረዋል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ለኔ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም አስገራሚው ክፍል ይህ ነው።

ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ባይት አይቆጥርም። ኦብጀክት ነው የሚቆጥረው። እሱም ሌላ ኦብጀክት ሊይዙ የሚችሉትን ብቻ፤ ሊስት፣ ዲክሽነሪ፣ ክላስ የመሳሰሉትን። ለረጅም ዘመን ነባሪው ቁጥር 700 ነበር። አዲስ ከተፈጠሩት ላይ የጠፉት ሲቀነሱ ልዩነቱ 700 ሲያልፍ የመጀመሪያው ትውልድ (ኮሌክተሩ ኦብጀክቶችን በዕድሜ የሚመድብበት ክፍል) ይፈተሻል። ይህ አሥር ጊዜ ሲሆን ሁለተኛው ትውልድ። እሱም አሥር ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው ትውልድ ተራ ይደርሰዋል። ለመጨረሻው ደግሞ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ተጨምሮበታል፤ አዲስ ወደዚያ የገቡት ኦብጀክቶች ከነባሮቹ ሩብ በላይ ካልሆኑ ሙሉ ፍተሻው ይዘለላል። በኋላ የወጡት ቨርዥኖች ቁጥሩን ለውጠውታል፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው።

ከዳታፍሬምሽ አንጻር ይህን አስቢው። 20 ሜጋባይቱ ያለው በአብዛኛው በነምፓይ አሬይ (ፓንዳስ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ቋት) ውስጥ ነው። ኮሌክተሩ ያንን ክብደት አያየውም። ለሱ ክብሽ ጥቂት ትንንሽ ኦብጀክቶች ናቸው፤ አንድ ኤክሴፕሽን፣ ጥቂት የትሬስባክ ቀለበቶች፣ አንድ ሁለት ፍሬም። 700 ለመሙላት ገና ሩቅ ነው። ሰርቪስሽ ደግሞ ኔትወርኩ እስኪመለስ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚጠብቀው። የተኛ ፕሮግራም አዲስ ኦብጀክት አይፈጥርም። አዲስ ኦብጀክት ካልተፈጠረ ኮሌክተሩ አይነሣም። አምስት ጊዜ እየጠበቀ ሲሞክር የቆየ ፍሬም ደግሞ ወደ አሮጌው ትውልድ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ከተሻገረ ሙሉ ፍተሻ እስኪመጣ ማንም አይነካውም።

ስለዚህ ሊስትሽን ብታስተካክዪ እንኳ ይህን ከተውሽው ሜሞሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል። ሊክ (ጭራሽ የማይለቀቅ ሜሞሪ) አይደለም፤ መዘግየት ነው። ሰርቨርሽ ጠባብ ከሆነ ግን ልዩነቱ አይገባውም። ከመውረዱ በፊት ሊገድልሽ ይችላል።

አንድ ነገር አረጋግጪ። ቡድናችሁ ውስጥ ማንም «ለፍጥነት» ብሎ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን አጥፍቶት እንዳይሆን። በ2017 ኢንስታግራም ኮሌክተሩን በማጥፋት ምን ያህል እንደተጠቀመ ከጻፈ በኋላ ያንን መስመር ኮፒ ያደረገ ሰው ብዙ ነው። የእነሱ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ከአንድ ወላጅ ፕሮሰስ የተባዙ ብዙ ሠራተኛ ፕሮሰሶች የሚጋሩት ሜሞሪ በኮሌክተሩ እንዳይነካካባቸው ፈልገው ነው። በዚሁ መንገድ «ፍሪዝ» የሚባል ፈንክሽን ፓይተን 3.7 ላይ ተጨመረ። ያንቺ ዓይነት ሰርቪስ ላይ ኮሌክተሩ ከጠፋ መዘግየቱ ወደ እውነተኛ ሊክ ይቀየራል፤ ክቡን የሚሰብር የለማ።

ኮድሽ ውስጥ ባይኖርም ሦስተኛ ዓይነት አለ። ይህን መልስ የሚያነብ ሌላ ሰው ሊያገኘው ስለሚችል ልንገርሽ። አንዳንዱ ሰው ኤክሴፕሽኑን ፋይሉ አናት ላይ አንድ ጊዜ ፈጥሮ፣ በፈለገ ቁጥር ያንኑ ኦብጀክት ሬይዝ ያደርጋል። ወይም የከሸፈ ጥሪን ውጤት ካሽ የሚያደርግ (ለቀጣይ ጥሪ የሚያስቀምጥ) ዲኮሬተር ይጽፍና ያስቀመጠውን ኤክሴፕሽን ደጋግሞ ያስነሳዋል። ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ፓይተን ትሬስባክ ያለውን ኤክሴፕሽን እንደገና ሬይዝ ስታደርጊ የቀድሞውን አይጥለውም፤ አዲሱን ቀለበት ከፊቱ ይቀጥልበታል። በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ተነሥቶ በሌላ የሚያዝ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ቀለበት ይጨመራል። ሺህ ጊዜ ከተነሣ ሁለት ሺህ ቀለበት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጥሪ የተወው ፍሬም ከነሎካል ቫሪያብሎቹ ተሰቅሎበት። ኦብጀክቱ ደግሞ ሞጁሉ ላይ ስለተያዘ ኮሌክተሩ አይነካውም። ይህ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፤ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክላሱን አስቀምጪ፣ ኦብጀክቱን ግን በየጊዜው አዲስ ፍጠሪ። የፓይተን የራሱ ኤልአርዩ ካሽ ኤክሴፕሽን ካሽ አያደርግም፤ እኔም ያንን ልማድ እንድትከተዪ እመክራለሁ።

ግምቴን ሳታምኚ የምታረጋግጪበት መንገድ አለ። ኔትወርኩን ራስሽ ዝጊው ወይም የማይሠራ አድራሻ ስጪው፤ ከዚያ ሃያ ያህል ፋይል አሳልፊ። ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ የጂሲ (የጋርቤጅ ኮሌክተሩ) ሞጁልን «ኮሌክት» ጥሪና ሜሞሪውን ለኪ። ከጠራሽው በኋላ የሚወርድ ከሆነ ክብ ነው። ጠርተሽውም ካልወረደ የሚይዘው ሰው አለ። ቀጥሎ በዚያው ሞጁል ያሉትን ኦብጀክቶች ሁሉ አስወጪና ከውስጣቸው የቤዝ ኤክሴፕሽን ዓይነት የሆኑትን ብቻ ቁጠሪ። ጤነኛ ፕሮግራም ሥራ ሲፈታ ይህ ቁጥር እያደገ አይሄድም። ያንቺ በእያንዳንዱ የከሸፈ ፋይል አምስት ያህል እየጨመረ የሚሄድ ይመስለኛል፤ በሰንሰለቱ ምክንያት። ከመካከላቸው አንዱን ያዢና «ጌት ሪፈረርስ» ብለሽ ማን እንደያዘው ጠይቂ። ሊስትሽ ብቅ ይላል።

ትሬስማሎክን (የፓይተን ሜሞሪ መከታተያ) ብቻ ብትጠቀሚ ኖሮ ትሳሳቺ ነበር። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን የሚነግርሽ ሜሞሪው የት እንደተወለደ ነው፣ ማን እንደያዘው አይደለም። ያንቺ ላይ ቀጥ ብሎ ኤክሴል የምታነቢበትን መስመር ያሳይሻል። ከዚያ «ፓንዳስ ሊክ አለው» ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ ቀኑ ይመሻል።

አሁን ጥገናው። ኤክሴፕሽኑን አታስቀምጪ፣ ጽሑፉን አስቀምጪ። ዋናው ሉፕ ላይ ያለው ኤክሴፕት ውስጥ እያለሽ የትሬስባክ ሞጁሉን «ፎርማት ኤክሲ» ጥሪ። የሚመልስልሽ ተራ ስትሪንግ ነው፤ ሙሉው ሰንሰለት በጽሑፍ ተጽፎበታል፣ ፍሬም ግን አልያዘም። ሊስቱ ላይ የፋይሉን ስምና ያንን ስትሪንግ ጨምሪ። ለሪፖርት የሚያስፈልግሽ ይኸው ነው፤ ማንም አለቃ ዳታፍሬሙን አልጠየቀም። ጽሑፉን በኋላ በሌላ መልክ ማተም ከፈለግሽ «ትሬስባክ ኤክሴፕሽን» የሚባል ክላስ አለ፤ ከ3.5 ጀምሮ። መረጃውን ከፍሬሞቹ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ሎካል ቫሪያብሎችንም ያዝ ካላልሽው አይዝም፤ አትበይው።

ደጋግሞ የሚሞክረው «ላክ» ፈንክሽን ላይ ደግሞ «የመጨረሻው» የሚለው ቫሪያብል ባይኖር ይሻላል። አምስተኛው ሙከራ ላይ ከሆንሽ ኤክሴፕቱ ውስጥ እያለሽ እዚያው የራስሽን ኤክሴፕሽን ሬይዝ አድርጊ፤ ካልሆነ ዝም ብለሽ ወደ ቀጣዩ ዙር እለፊ። ቫሪያብሉን የግድ ከፈለግሽው ፋይናሊ (ምንም ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚሠራ ብሎክ) ጨምሪና «የመጨረሻው»ን ነን አድርጊው። ይህ የማፈሪያ ኮድ አይደለም። የፓይተን ስታንዳርድ ላይብረሪ ራሱ ያደርገዋል። ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደውን የኮንከረንት ፊውቸርስን ኮድ ከፍተሽ ሥራ የሚያስኬደውን ክፍል ብታዪ፣ ኤክሴፕሽኑን ፊውቸሩ (የሥራው ውጤት መያዣ) ላይ ካስቀመጠ በኋላ «ሰልፍ»ን (ኦብጀክቱ ራሱን የሚጠራበትን ስም) ነን ያደርገዋል። ከላዩ ከኤክሴፕሽኑ ጋር የተፈጠረውን ክብ ለመስበር ነው የሚል ኮመንት አለበት። መጀመሪያ ሲያዩት ስህተት ይመስላል፤ ሜተድ ውስጥ ሰልፍን ነን ማድረግ ምን የሚሉት ነው? አሁን ግን ገብቶሻል።

ሌላው፣ ማንበብንና መላክን ለያያቸው። የሚያነበው ፈንክሽን ጄሰኑን ይመልስና ይውጣ፤ ዳታፍሬሙ እዚያው ይሙት። የሚልከው ፈንክሽን ጄሰኑን ብቻ ይቀበል። ኤረሩ ሲነሣ የሚያነበው ፍሬም መንገዱ ላይ ስለሌለ ዳታፍሬሙ አይያዝም። ይህ ለሜሞሪም ለንጽሕናም ይረዳል።

«ክሊር ፍሬምስ» የሚባል ፈንክሽን ከ3.4 ጀምሮ አለ፤ በትሬስባኩ ላይ ያሉትን ያለቁ ፍሬሞች ሎካል ቫሪያብሎች ያጸዳል። ኤክሴፕሽኑን የግድ ማቆየት ካለብሽ ይጠቅማል። ግን የሚያጸዳው የሰጠሽውን ትሬስባክ ብቻ ነው። በኮዝና በኮንቴክስት የተያያዙትን ራስሽ እየተከተልሽ ማጽዳት አለብሽ፤ የሪኩዌስትስን ቦዲ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። በዚህ ሁሉ ከመድከም ስትሪንጉን መያዝ ይቀላል።

ሎጊንግ በአብዛኛው አያሳስብሽ፤ ጽፎ ይለቃል። መዝገቦቹን ሜሞሪ ላይ እያጠራቀመ በኋላ የሚለቅ ሃንድለር ካላችሁ ግን መዝገቡ ኤክሴፕሽኑን ይዞ እንደሚጠብቅ እወቂ። ትሬድ ፑል ተጠቅመሽ ፊውቸሮቹን በሊስት የምታጠራቅሚ ከሆነም እንደዚሁ ነው፤ የከሸፈ ፊውቸር ኤክሴፕሽኑን እስከመጨረሻው ይይዛል።

በጁፒተር (ኮድ በትንንሽ ሴሎች ተከፋፍሎ የሚሠራበት መሣሪያ) የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ያገኙታል፤ ጂፒዩ ሜሞሪ ሞላ ብሎ ሴሉ ይወድቃል፣ ሞዴሉን አሳንሰው ቢደግሙትም አሁንም ሞላ ይላል። የመጨረሻው ኤረር በኢንተርፕሪተሩ ስለተያዘ የሞዴሉ ቴንሰሮች ከነፍሬማቸው አልሞቱም። አንዳንዶች አዲስ ሴል ላይ አንድን ለዜሮ ያካፍላሉ። አስቂኝ ነው ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አዲሱ ቀላል ኤረር የከባዱን ቦታ ስለሚወስድ። የፓይቶርች (የሞዴል ማሠልጠኛ ላይብረሪ) ሰነድም ሜሞሪ ሲሞላ የምታደርጊውን ማገገሚያ ከኤክሴፕቱ ብሎክ ውጭ አድርጊው ይላል። ምክንያቱ ያው ነው፤ ብሎኩ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ኤክሴፕሽኑ ፍሬሙን እንደያዘ ነው።

«በሉፑ ውስጥ ኮሌክት ብጠራስ?» ብለሽ ማሰብሽ አይቀርም። ክቡን ይሰብርልሻል፤ ሊስቱን አይነካም። ከባድ ፋይል የሚያስተናግድ ሰርቪስ ላይ ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ አንዴ መጥራት ነውር የለውም፤ የሚወስደው ጊዜ ኤክሴል ከማንበብ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን መጀመሪያ ሁለቱን መስመሮች አስተካክዪና ለኪ፤ ምናልባት አያስፈልግሽም።

የቀረው የማታው ሪስታርት ነው። እስኪጠገን ድረስ ይቀጥል፤ አንድ ነገር ግን ልብ በይ። «ያልተላኩ» የምትዪው ሊስት ያለው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። ሊኑክስ ፕሮሰሱን የሚገድለው ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ፋይናሊ እንኳ አይሠራም። ቀን ላይ ከተገደለ ያልተላኩት ፋይሎች ዝርዝር አብሮ ይጠፋል፤ ማታ የሚወጣው ሪፖርት ደግሞ «ሁሉም ተልኳል» የሚል ሊመስል ይችላል። ኔትወርኩ በጠፋባቸው ቀናት የወጡትን ሪፖርቶች ከሌላኛው ሲስተም ጋር አመሳክሪያቸው። ሜሞሪውን ከመጠገንሽ በፊት ይህን አድርጊ። ከዚያ ሊስቱን ራሱን አስወግጂውና እያንዳንዱ ፋይል በከሸፈ ቅጽበት ስሙንና የኤረሩን ጽሑፍ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ላይ አንድ ረድፍ አድርገሽ ጻፊ። ማታ ሪፖርቱ ከዚያ ያንብብ።